ለሁለት ሰው የተመቸ መኝታ ቤት፦ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ መብራትና መጋረጃ አወዳድሮ ለመምረጥ

ባልና ሚስት መኝታ ቤታቸውን የፍቅርና የዕረፍት ማዕዘን ለማድረግ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሚታየው ነገር ነው፤ ከግድግዳው ቀለም፣ ከራስጌው ቅርጽ፣ ከአልጋ ልብሱ ጥልፍ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ግን በአመዛኙ ዓይን ተከድኖ ወይም በደብዛዛ ብርሃን፣ ገላ ከጨርቅ ጋር ተነካክቶ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በአንድ መለኪያ ነው፦ ገንዘቡና ድካሙ አስቀድሞ ገላን ወደሚነካው፣ ብርሃንንና ድምፅንም ወደሚገዛው ነገር ይሂድ፤ ለዓይን ብቻ የሚሆነው ጌጥ ተራውን ይጠብቅ።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1701 መኝታ ክፍሉን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት እምብርት ላይ አስደረገ። ወርቅና ውድ ጨርቅ የፈሰሰበት ያ ክፍል ንጉሡ ጠዋት ሲነሣና ማታ ሲተኛ ባለሟሎች ቆመው የሚመለከቱበት አደባባይ ነበር። ሁለት ሰዎች ከቀኑ ውጣ ውረድ ሸሽተው የሚያርፉበት ክፍል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቅንጦቱ የሚለካው እንግዳ አይቶ በሚያደንቀው ሳይሆን በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ያሉት በሚሰማቸው ነው።

አጠቃላይ መልኩን መምረጥ

ብዙዎች ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ጥሩ ሆቴልን የሚያስታውስ ነው፦ ነጭ አንሶላ፣ ጥቂት ዕቃ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሁሉም ነገር በቦታው። ሁለተኛው ድርብርብ መልክ ነው፤ ከፋይ (ቬልቬት)፣ ጥልቅ ቀለም፣ ብዙ ትራስ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ አንዳንዴም ባለ አጎበር አልጋ ይኖረዋል። ሦስተኛው ወደ ተፈጥሮ ያዘነበለ ነው፤ ያልተወለወለ እንጨት፣ የተሸበሸበ ሊነን (ከተልባ ቃጫ የሚሠራ ጨርቅ)፣ የአፈርና የአሸዋ ቀለም ይበዙበታል።

ለጠባብ ክፍልና ለማጽዳት ጊዜ ለሌለው ሰው የሚስማማው የመጀመሪያው ነው፤ ጉድለቱ መብራቱ በጥንቃቄ ካልተመረጠ ቀዝቃዛና ባዶ መምሰሉ ነው። ድርብርቡ መልክ ለፍቅር ስሜት ከሁሉም ይቀርባል፤ ሆኖም ጨርቅ በበዛ ቁጥር አቧራ ስለሚያከማች አስም ወይም አለርጂ ላለበት ሰው አይመከርም፤ በየማታው ከአልጋ ላይ ስምንት ትራስ ማንሣትም ብዙ ሳይቆይ ያሰለቻል። የተፈጥሮው መንገድ ስሕተትን ይቅር ይላል፤ ጨርቁ ቢሸበሸብ፣ እንጨቱ ቢጫጫር መልኩ አይበላሽም። በእኔ እይታ ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው የመጀመሪያውን መንገድ መሠረት አድርጎ ከሁለተኛው አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ መዋስ ነው፤ ለምሳሌ የከፋይ ራስጌ ወይም እስከ ወለል የሚወርድ ከባድ መጋረጃ።

ስለ አጎበር ካነሣን፣ ባለ መጋረጃ አልጋ በቀደመው ዘመን አውሮፓ የተስፋፋው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ክፍሎች ቀዝቃዛ ስለነበሩና አገልጋዮች በዚያው ክፍል ያድሩ ስለነበር ሙቀትንና ምስጢርን ለመጠበቅ ነበር። ዛሬም ስስ ጨርቅ በአልጋው ዙሪያ ማውረድ ያንን የመከለል ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ክፍሉን ያጨናንቀዋል።

አልጋና ፍራሽ

መጀመሪያ ስፋቱ ይወሰን። 140 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አልጋ ለእያንዳንዱ ሰው 70 ሴንቲ ሜትር ያደርሳል፤ ይህም ከሕፃን አልጋ ፍራሽ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። 160 ሴንቲ ሜትር ለየሰው 80፣ 180 ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ከአልጋው ግራና ቀኝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ሊተርፍ ስለሚገባ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል 180ውን በልኩ ይችላል፤ 2.80 ሜትር የሆነው ግን በ160 ቢቆም ይሻላል። አልጋውን ከግድግዳ አስጠግቶ ቦታ ማትረፍ ብልሃት ይመስላል፤ ውስጥ የሚተኛው ሰው ሌሊት በሌላው ላይ ተሻግሮ መውረድ ሲገደድ ግን ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ።

የፍራሽ ምርጫ በሁለት ሰው መካከል ከባድ የሚሆነው የአንዱ መገላበጥ ለሌላው ስለሚደርስ ነው። እርስ በርስ በሽቦ የተያያዙ ሞላዎች ያሉት ስፕሪንግ ፍራሽ ርካሽና አየር የሚያዘዋውር ነው፤ አንዱ ሞላ ሲጫን ጎረቤቱን ስለሚስብ ግን እንቅስቃሴው ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የተሰፋበት ዓይነት ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሰዋል። ሜሞሪ ፎም እንቅስቃሴን በማፈን ተወዳዳሪ የለውም። በ1966 ለአውሮፕላን መቀመጫ መደገፊያ ተብሎ በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ ሥራ ውስጥ የተፈጠረው ይህ ስፖንጅ በሰውነት ሙቀትና ክብደት ለስልሶ የገላን ቅርጽ ይይዛል። በዚያው ጠባዩ ግን ሙቀትን ያቅፋል፤ ቶሎ ስለማይመለስም ላዩ ላይ መንቀሳቀስ ያደክማል። ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ ሲሠራ ቶሎ የሚመለስ፣ ከሜሞሪ ፎም የቀዘቀዘና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከፍ ይላል፤ ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰውም ሊርቀው ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል፣ ክብደታቸው ለሚለያይ ባልና ሚስት በየራሱ ከረጢት የተሰፋ ሞላ ኖሮት ከላዩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላቴክስ የተነጠፈበትን እመርጣለሁ። አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ የሚወድ ከሆነ ደግሞ 90 በ200 የሆኑ ሁለት የተለያዩ ፍራሾችን በአንድ አልጋ ላይ አጣምሮ መሐላቸው ያለውን ክፍተት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው አንድ ወጥ ደራቢ ፍራሽ መሸፈን ይቻላል። መደብር ውስጥ በእጅ መጫን ምንም አይነግርም፤ ሁለቱም አብረው፣ በሚተኙበት ጎን፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተኙበት፤ ጠርዙ ላይም ይቀመጡ፤ ጠርዙ የሚሰጥም ከሆነ የአልጋው ስፋት በተግባር ጠቧል ማለት ነው።

የአልጋውን እግርና ማያያዣ ማንም አያስተውልም። በተነቃነቁ ቁጥር ሲጢጥ የሚል አልጋ ግን የመኝታ ቤትን ምስጢር ሁሉ ያፈርሳል። የብረት አልጋ ብሎኑ እየላላ ስለሚሄድ በየጥቂት ወሩ መጥበቅ ይፈልጋል፤ በማያያዣዎቹ መካከል ስስ የጎማ ወይም የጨርቅ ማለስለሻ ማስገባትም ድምፁን ይገድላል። ራስጌን በተመለከተ፣ ተቀምጦ ለሚያነብና ለሚያወራ ሰው በስፖንጅ የተሞላው የጨርቅ ራስጌ ከእንጨቱም ከብረቱም ይበልጣል፤ ሽፋኑ ተነሥቶ የሚታጠብ ቢሆን ደግሞ ብቸኛ ጉድለቱ ተወገደ።

አንሶላ፦ ቁጥሩን ሳይሆን ሽመናውን መጠየቅ

በአንሶላ ማሸጊያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የክር ቁጥር 2.54 ሴንቲ ሜትር በ2.54 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ ውስጥ ያሉት የድርና የማግ ክሮች ድምር ነው። በነጠላ ክር ለተሠራ የጥጥ አንሶላ ከ200 እስከ 400 ያለው ቁጥር ጥሩ ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ 1000 ክር ማስገባት ስለሚከብድ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የተገመደውን ክር ፈትቶ እያንዳንዱን ቅጥል (አብሮ የተገመደውን ቀጭን ክር) ለብቻ በመቁጠር ነው፤ በአራት ቅጥል የተገመደ 250 ክር በዚህ አቆጣጠር 1000 ይባላል። እንደዚህ ያለውን አንሶላ በስጦታ አግኝቼ ተኝቼበታለሁ፤ ከባድና አየር የማያሳልፍ ስለነበር በሁለተኛው ሌሊት አነሣሁት። ከቁጥሩ ይልቅ የጥጡ ቃጫ ርዝመት ሊጠየቅ ይገባል፤ ተራው ጥጥ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እጅግ ረጅም የሚባለው 35 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ረጅም ቃጫ ከክሩ የሚወጣ ጫፍ ስለሚያንሰው ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ቶሎም አይጓጉልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሽመናው ነው። ፐርኬል የሚባለው አንድ ማግ ከአንድ ድር በላይ፣ ከቀጣዩ በታች እያለ የሚሄድበት ቀላል ሽመና ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮስተር ያለ፣ እንደተተኮሰ ሸሚዝ የሚሰማ ሲሆን ሙቀት ለሚበዛበት ሰው ከጥጥ አንሶላዎች ሁሉ ይሻላል። ሳቲን ሽመና ያለው የጥጥ አንሶላ ደግሞ ክሩ አራት ክር ዘሎ በአምስተኛው ሥር ስለሚገባ ላዩ የረዘሙ ክሮች ይበዙበታል፤ ብርሃን የሚመልሰው፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚንሸራተተውም በዚህ ምክንያት ነው። ለቅንጦት ስሜት ሁለተኛው ያመዝናል፤ ሙቀት ግን ይይዛል፣ በጥፍርና በጌጣጌጥም ይመዘዛል።

ከተልባ ግንድ ቃጫ የሚሠራው ሊነን ከራሱ ክብደት 20 በመቶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ የረጠበ አይመስልም፤ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሸካራ መሆኑንና ሁልጊዜ መሸብሸቡን የሚችል ሰው ብዙ ዓመት ያገለግለዋል። ሐር ከሁሉ የላቀ ለስላሳነት አለው፤ የጨርቁ ክብደት ሞሚ በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ ለአንሶላና ለትራስ ልብስ ከ19 እስከ 22 ሞሚ ያለው ተስማሚ ነው። ሐር እንደ ፀጉር ፕሮቲን ስለሆነ በሙቅ ውኃ፣ በበረኪናና በኃይለኛ ሳሙና ይጎዳል፤ በፀሐይም ይደበዝዛል። ስለዚህ አልጋውን በሙሉ ሐር ከማልበስ የትራስ ልብሱን ብቻ ሐር አድርጎ አንሶላውን ጥጥ ማድረግ በትንሽ ወጪ ብዙ ደስታ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ሳቲን የሽመና ስም እንጂ የቃጫ ስም አይደለም፤ ሳቲን ተብሎ የሚሸጥ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ላብ አይጠጣም፣ ሙቀትም ያፍናል። የተጠራጠረ ሰው ከጠርዙ አንድ ሁለት ክር መዝዞ በወረንጦ ይዞ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ላይ ቢያቃጥል ይለየዋል፦ ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

ነጭ ወይስ ባለቀለም? ነጭ ጥጥ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊታጠብ ይችላል፤ ይህ ሙቀት የአቧራ ተባይን ይገድላል፤ ጥልቅ ቀለም ያላቸው ብዙዎቹ ጨርቆች ግን በዚያ ሙቀት ይለቃሉ። ብርድ ልብስን በተመለከተ፣ አንዱ የሚሞቀው፣ ሌላው የሚበርደው ከሆነ ሁለት የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ነጠላ ብርድ ልብሶች መጠቀም በአንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ከመጓተት እጅግ ይሻላል። ቀን ላይ አንድ ሰፊ አልጋ ልብስ ስለሚሸፍናቸው መልኩ አይለወጥም።

መብራት

በትንሽ ገንዘብ ክፍልን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው መብራት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። የብርሃን ቀለም ሙቀት፣ ማለትም ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማዘንበሉ፣ በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ የሻማ ነበልባል 1900 ገደማ፣ ሞቅ ያለ አምፖል 2700፣ ለቢሮ የሚሆነው 4000፣ የቀን ብርሃን የሚመስለው 6500 ነው። ለመኝታ ቤት ከ2200 እስከ 2700 ያለው ይመረጣል። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም፤ ዓይናችን ውስጥ 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ የሚነቁ ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህ ሲነኩ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን ይዘገያል። ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን ሰማያዊው ስለሚበዛበት ከምሽት ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ቁጥር የቀለም ታማኝነት መለኪያው (CRI) ነው፤ ከ100 ውስጥ 90ና ከዚያ በላይ የሆነ አምፖል መምረጥ የሰው ቆዳ ጤናማ መልኩን እንዲይዝ ያደርጋል። ዝቅተኛ መለኪያ ባለው አምፖል ሥር ቀዩ ቀለም ይጠፋና ፊት ግራጫ ይመስላል፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከኮርኒስ መካከል የሚወርድ አንድ ብርቱ መብራትና በተለያየ ቦታ የተቀመጡ ትናንሽ መብራቶች ሲወዳደሩ ሁለተኛዎቹ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ከዓይንና ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይጥላል፤ ከጎን፣ በፊት ቁመት ላይ የሚመጣው ግን ያለሰልሳል። በኮመዲኖ ላይ ለሚቀመጥ አባዡር 400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ይበቃል፤ የሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ አልጋ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ዓይን ጋር ቢተካከል አምፖሉ ራሱ አይታይም፣ መጽሐፉ ግን ይበራል። ኮመዲኖው ጠባብ ከሆነ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ይሻላል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይተኛልና። የብርሃን መጠን መቀነሻ ማብሪያ ማስገጠም ለሚፈልግ ሰው፣ የኤልኢዲ አምፖሉ ለዚያ የተሠራ መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያረጋግጥ፤ ያልተሠራለት አምፖል ይርገበገባል ወይም ይጮኻል።

እውነተኛ ሻማ የሚሰጠውን የሚንቀሳቀስ ብርሃን ምንም ነገር አይተካውም። ቢሆንም አልጋ፣ መጋረጃና ጨርቅ በሞላበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሊጥለው ለተዘጋጀ ሰው የባትሪውን ሻማ እመክራለሁ። እውነተኛውን የሚመርጡ ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው በሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከመጋደማቸው በፊትም ያጥፉት።

ቀለም፣ መጋረጃና ድምፅ

ጥልቅ ቀለም፣ ለምሳሌ ጥቁር አረንጓዴ ወይም የወይን ጠጅ፣ በደብዛዛ ብርሃን የክፍሉን ማዕዘኖች ስለሚሰውር የመታቀፍ ስሜት ይሰጣል፤ በቀን ግን ተጨማሪ መብራት ይጠይቃል። ፈዛዛ ቀለም ክፍሉን ያሰፋዋል፤ በዚያው ልክ የመከለሉን ስሜት ይቀንሳል። የማያንጸባርቀው ቀለም የግድግዳን ጉድለት ይሸፍናል፣ የእጅ አሻራን ግን ያሳያል፤ የሚያብረቀርቀው በተቃራኒው ነው። ለመኝታ ቤት የማያንጸባርቀው ይሁን። ከመቀባት በፊት ግማሽ ሜትር ያህል ካርቶን ቀብቶ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ በዚያው ክፍል መብራት ማየት ያስፈልጋል፤ በመደብሩ ብርሃን የተመረጠ ቀለም ቤት ሲደርስ ሌላ ይሆናልና።

መጋረጃ ላይ የሚቆጥብ ሰው በጨርቁ ዓይነት ይቆጥብ እንጂ በመጠኑ አይቆጥብ። የጨርቁ ስፋት ከዘንጉ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ሲሆን ጥሩ እጥፋት ይይዛል፤ ዘንጉ ከመስኮቱ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢያልፍና ወደ ኮርኒሱ ቢጠጋ፣ ጨርቁም ወለሉን ነክቶ ቢቆም ርካሽ ጨርቅ እንኳ ክብር ያገኛል። ተጠቅላይ መጋረጃ ንጹሕና ጠባብ ቦታ የሚበቃው ነው፤ በጠርዞቹ ግን ብርሃን ያስገባል። በሁለት ዘንግ ከውስጥ ስሱን፣ ከላይ ብርሃን የማያሳልፈውን መስቀል የሁለቱንም ጥቅም ይሰጣል።

ስለ ድምፅ የሚነገር አንድ የተሳሳተ ተስፋ አለ። ከባድ መጋረጃና ወፍራም ምንጣፍ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ያለሰልሳሉ፤ ከውጭ የሚገባውን ጩኸት ግን እምብዛም አይከለክሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ያወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል የሌሊት አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ወደዚያ ለመቅረብ የሚረዳው በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ በጎማ መድፈን ነው፤ ድምፅ እንደ አየር በትንሽ ክፍተት ይገባልና ከአዲስ መጋረጃ በፊት ይህ ይሠራ።

ቀሪዎቹ ነገሮችና የሥራው ቅደም ተከተል

ምንጣፍ ትንሽ ከሚሆን ባይኖር ይሻላል፤ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ማለዳ እግር የሚያርፍበት መሆን አለበት። ትልቁን መግዛት ካልተቻለ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጠባብ ምንጣፍ ማንጠፍ በቂ ነው። መዓዛን በተመለከተ አንድ ዓይነት ብቻ ተመርጦ ለስላሳ ይሁን፤ ሽታው ከአንሶላው ንጽሕና በላይ ከጎላ በዝቷል። ቴሌቪዥንን ከክፍሉ ማስወጣት ወይስ ማስቀመጥ የሚለውን ባለቤቶቹ ይወስኑ፤ እኔ ግን አስወጣለሁ፤ ስልኮችም ከአልጋው ርቀው ቻርጅ ይደረጉ እላለሁ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተሟላ ፍራሹ፣ ከዚያ አንሶላው፣ ከዚያ አምፖሎቹና አባዡሮቹ፣ ከዚያ መጋረጃው ይገዛ፤ ራስጌው፣ ከፋዩና መስታወቱ ዓመት ቢጠብቁም ክፍሉ አይጎዳም። የሥራው ተራ ግን ከግዢው ተራ ይለያል። የኤሌክትሪክ መስመር፣ በሁለቱም የአልጋ ጎን የሚደርስ ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት ከቀለም በፊት ይዘርጋ፤ ቀለሙ ቀጥሎ ይቀባና ክፍሉ ለጥቂት ቀናት መስኮቱ ተከፍቶ ይናፈስ፤ ከዚያ የመጋረጃው ዘንግ ይሰቀል፣ አልጋውም ይግባ። አዲስ የስፖንጅ ወይም የሜሞሪ ፎም ፍራሽ ከላስቲኩ ሲወጣ ስለሚሸት፣ ሁለት ሦስት ቀን አየር በሚገባበት ቦታ ሳይሸፈን ቆይቶ ሽታው ከጠፋ በኋላ አንሶላው ይልበስለት።